ሥልጠና ሲለመን ሥልጣን የተጻፈባት ደብዳቤ ዜና

ንጽሐፍ እንከ፤ እንግዲህስ እንጻፍ። በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ የጃፓኑ የሥራ ዘዴ ካይዘን በነገሠ በሦስተኛው፣ የሮቤ ሰው አንድ ለአምስት በተደራጀ በአራተኛው፣ አቶ ብዙነህ ዳቦ ቤት በከፈቱ በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ የሊጥ ማቡኪያ ማሽናቸው ለሰባተኛ ጊዜ ተቃጥላ ለሰባተኛ ጊዜ በተነሣች በሁለተኛው ወር፣ ስንዴው ታጭዶ ኮምባይነሩ ወደ መጣበት በተመለሰ ሰሞን፣ ይህ ገድል በባሌ ምድር ተጀመረ። ገድሉም አንዲት ሴት ጎባ ሄዳ ስድስት ሳምንት ዳቦ መጋገር መማሯ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ ዘመን የተቆጠረው ለዚህ ነው ወይ ብለህ መጽሐፉን እንዳትከድን፤ ከትልልቆቹም ዜና መዋዕል ስንቱ ቢበጠር ገለባው ከዚህ ይበዛል።

እኒህ ብዙነህ፣ ሊቀ ኀበዝት ዘሮቤ፣ የሮቤ ዳቦ ጋጋሪዎች አለቃ፣ የእርሾ አባት፣ የዱቄት ወዳጅ፣ መብራት ሲጠፋ የማይደነግጡ፣ ሲመጣ ግን የሚደነግጡ፣ አያታቸው ከመንዝ ወርደው ጎባ የሰፈሩ፣ አባታቸው ከጎባ ወርደው ሮቤ የሰፈሩ፣ እርሳቸው ከዚያ ወዲያ የሚወርዱበት ስላጡ ዳቦ ቤት የከፈቱ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸው ረጅም፣ ስማቸውን በቀይ ቀለም ቆርቆሮ ላይ አጽፈው በየጧቱ ቆመው የሚያነቡ ሰው ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላቸው ነበር። ዳቦ መጋገር አይችሉም ነበር።

ሠራዊታቸውም ይህ ነው። በቀኝ ክንፍ ለሚ፣ የጋሪው ጌታ፣ ዱቄት ከወፍጮ ቤት የሚያመጣ፣ ፈረሱ ከእርሱ ይልቅ መንገድ የሚያውቅለት፤ በግራ ክንፍ ዘይነዲን፣ እሳት አንዳጁ፣ ቅንድቡን ሁለት ጊዜ ለምድጃው የገበረ፤ በመስኮቱ ግንባር ውዴ፣ ዳቦ ሻጯ፣ ‹‹አልቋል›› የምትለውን ቃል ከሁሉ አስቀድማ የተማረች፤ በደጀን የጎረቤት ድመት፣ ደመወዝ የሌላት፣ ቁጥሩ አምስት ይሙላ ተብሎ በአደረጃጀቱ ቅጽ ላይ የሰፈረች፤ በመካከላቸውም ጁሀራ። ጁሀራ ከአጋርፋ በኩል በልጅነቷ መጥታ ዐሥራ አንድ ዓመት በዚያ ቤት ሊጥ ያቦካች ናት። ዱቄቱን በምላሷ ቀምሳ ይህ የጎሮ ነው፣ ይህ የአጋርፋ ነው፣ ይህን ደግሞ ነጋዴው ከአምናው ጋር ቀላቅሎታል ትላለች፤ ዳቦውን ከሆዱ በኩል መታ አድርጋ በድምፁ ብቻ መብሰሉን ታውቃለች። ይህን ሁሉ ስታውቅ ስሟ ግን ከደመወዝ መቀበያውና ከአደረጃጀቱ ቅጽ በቀር በአንድም ወረቀት ላይ አልተጻፈም ነበር።

በየካቲት ወር ኦቦ ቦሩ የተባሉ ሹም መጡ፤ እርሳቸውም ስሙ እጅግ ከመርዘሙ የተነሣ በማኅተሙ ላይ በሁለት ዙር ከተጻፈ አንድ ጽሕፈት ቤት የተላኩ፣ ቀጭን፣ ትሑት፣ ደብተራቸውን እንደ ሕፃን የሚያቅፉ ሰው ነበሩ። በዳቦ ቤቱም ደጃፍ ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ ‹‹ዳቦ የሚጋግር ሰው የብቃት ወረቀት ይኑረው። እስከ ሰኔ ሠላሳ ጋጋሪው ወረቀት ያልያዘ ቤት ፈቃዱ አይታደስም። ለመሆኑ የዚህ ቤት ጋጋሪ ማን ነው?››

አቶ ብዙነህ ሹም ሲያዩ ደረታቸው የሚያብጥባቸው፣ ምላሳቸውም ከደረታቸው ቀድሞ የሚወጣ ሰው ናቸውና፣ ማን ይናገር ሳይባባሉ ‹‹ጋጋሪው እኔ ነኝ!›› ሲሉ አወጁ። ጁሀራ ከበስተኋላቸው እስከ ክርኗ ሊጥ ውስጥ ነበረች። ኦቦ ቦሩም በደብተራቸው ላይ ‹‹ጋጋሪ፦ ብዙነህ›› ብለው ጻፉ፤ እርሷስ ብለው ሲጠይቁም፣ ጌታዋ ምን ልበላት ሲሉ ተጨንቀው ‹‹ጽዳት›› አሉ፤ ‹‹ጽዳት፦ ጁሀራ›› ተብሎ ተጻፈ። ሹሙ ከሄዱ በኋላ ብዙነህ ዘወር ብለው አዩዋት፤ እርሷ ግን ሊጡን ገልብጣ መምታት ቀጠለች።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። በማግስቱ የወጣው ዳቦ ጨው አልነበረውም። የሮቤ ሰው ጠዋት ገዝቶ ቤቱ ወሰደ፣ ቆረሰ፣ አኘከ፣ ጉንፋን የያዘው መስሎት ሌላ ቆረሰ። በሁለተኛውም ቀን ጨው የለም። በሦስተኛው ቀን ደንበኛው መስኮቱን ከብቦ ‹‹ጨው ከአፍዴራ እስኪመጣ ነው?›› እያለ ውዴን ሲያስጨንቃት፣ አቶ ብዙነህ ወደ ጓዳ ገብተው ቆሙ፤ ያን ጊዜ ጁሀራ እጇን በሽርጧ ጠርጋ የመጀመሪያውን አዋጅ አወጀች፦ ‹‹ጋሼ፣ ወላሂ አልተጣላሁም። የጨው ማንኪያ የሚይዘው ጋጋሪው ነው፤ ጋጋሪው ደግሞ እርስዎ ነዎት። እኔ ጽዳት ነኝ፤ ይኸው ቤቱ ጸድቷል። ለሐምሌ ጎባ የሚከፈት ዳቦ ቤት ነይ ብሎኛል፤ አስተምሮ ወረቀት ያወጣልኛል። ረቢ ከፈቀደ እሄዳለሁ።››

ይህን በሰሙ ጊዜ ሊቀ ኀበዝት ሄደው የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጡ። የፈቃዱ አለመታደስ ብቻ አልነበረም ያስደነገጣቸው። ያችን ልጅ ዐሥራ አንድ ዓመት በየጧቱ ‹‹ሰላም አደርሽ›› ሲሏት ኖረው፣ በአንዲት ቃል ስሟን ከእጇ ነጥቀው ለራሳቸው እንዳደረጉት ያን ጊዜ ገባቸው፤ አፈሩም። ሰው በዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሲያፍር ልብሱ ነጭ ይሆናል፤ ስለዚህ ማፈራቸውን ገበያው ሁሉ አየ።

ወእምዝ፣ ከዚህ በኋላ፣ እመቤቲቱ ወይዘሮ ማናልበሽ፣ የብዙነህ ባለቤት፣ የቤቱ ምክር፣ የባሏ ልጓም፣ ራት ላይ አወጀች፦ ‹‹አንተ ሰውዬ፣ ያቺ ልጅ እግሯ ከወጣ ምድጃውን ለዶሮ ቤት ነው የማደርገው። ከሹሙ ቢሮ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ሠራተኛውን ለሚያሠለጥን አሠሪ መንግሥት የሥልጠናውን ወጪ ይሸፍናል፣ እሷ ትምህርት ላይ ሳለችም የደመወዟን እኩሌታ ይደጉማል ይላል። ደብዳቤ አጽፍና አስገባ። እስከ ዓርብ ነው ቀኑ።››

አቶ ብዙነህ ግን ሌሊቱን ሲገላበጡ አደሩ፤ በልባቸውም ሁለት ሠራዊት ተሰልፎ ይዋጋ ነበር። ባሠለጥናት፣ ወረቀቷን ይዛ ትሄዳለች፤ የመንግሥት ድጎማ ለጎባ ሰው ዳቦ ሆኖ ይቀራል። ባላሠለጥናትም ትሄዳለች። እንዲያው መሄዷ ካልቀረ መርቄ ብልካት ይሻላል ወይስ ረግማኝ ብትሄድ? ይህን ክርክር የሚፈርድ ዳኛ ስላጡ ዶሮ ሲጮኽ ተነሥተው ጋቢያቸውን ደረቡና ወደ ጸሐፊው ዘመቱ።

ጸሐፊውም ሚኪያስ ይባላል። ይህ ሚኪያስ የቀድሞ ዲያቆን፣ ቅኔ ቤት ገብቶ ገና በመጀመሪያው ቅኔ በጉባኤ ቃና ላይ ወድቆ የቀረ፣ በፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ በጃንጥላ ጥላ ሥር ማመልከቻ እየጻፈ የሚኖር፣ የሚያውቀው ጥቂት፣ የሚመስለው ብዙ የሆነ ሰው ነው። ዜናውን የሚጽፈው እርሱ ራሱ ስለሆነ ከዚህ በላይ አይሰድበውም፤ ከዚህ በታችም አያመሰግነውም። አቶ ብዙነህ ‹‹ለጁሀራ ሥልጠና እንዲሰጣት ጻፍልኝ›› ሲሉት ሚኪያስ ብዕሩን አንሥቶ አሰበ። ‹‹ሥልጠና›› የሚለው ቃል ትናንት በስብሰባ የተወለደ፣ ጥርስ ያላወጣ ቃል መሰለው። ለእንዲህ ያለ ታላቅ ልመና ከግእዝ የወረደ፣ አባት እናቱ የሚታወቅ ቃል ይገባል አለና በ‹‹ሥልጠና›› ፈንታ ‹‹ሥልጣን›› ብሎ ጻፈ። ሥሩ አንድ ነው፣ ማንም ይረዳዋል፣ የሚያምረውም ይህኛው ነው ሲል በራሱ ተደነቀ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ደብዳቤውም እንዲህ ይል ነበር፦ ‹‹ለሠራተኛዬ ለጁሀራ ለስድስት ሳምንት የሚቆይ፣ በተግባር የተደገፈ ሥልጣን እንዲሰጣት በትሕትና እለምናለሁ። ጁሀራ ሥልጣን ስትይዝ ምርታችን በእጥፍ እንደሚያድግ አልጠራጠርም። ሥልጣኑንም ስትጨርስ ወረቀት ይሰጣት።››

ጽሕፈት ቤቱ የሚሠራው በኦሮምኛ ነውና ደብዳቤው መተርጎም ነበረበት። የፎቶ ኮፒው ጌታ ወዚር፣ ተርጓሚ፣ ቃል የማይጨምር፣ ቃል የማይቀንስ፣ ሰው ተሳስቷል ብሎ የማያስብ ታማኝ ሰው ነበር። ሥልጠና ቢል ኖሮ ‹‹ሌንጂ›› ብሎ ይተረጉመው ነበር፤ የተጻፈው ግን ሥልጣን ነውና ‹‹አንጎ›› ብሎ ተረጎመው። በኦሮምኛ አንጎ ማለት ሹመት፣ ገዥነት፣ ወንበር ነው። ወዚር ግርምቱን ዋጥ አድርጎ፣ ‹‹ዳቦ ጋጋሪም ይሾማል እንዴ?›› ብሎ ሳይጠይቅ፣ ፈርሞ ሰጠ። ደብዳቤዋም በዓርብ ቀን፣ ቢሮው ሊዘጋ ሲል፣ ገባች።

በሁለተኛው ሳምንት የጥሪ ወረቀት መጣ፦ ‹‹ስላቀረቡት የሥልጣን ጥያቄ ማብራሪያ እንዲሰጡ፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይቅረቡ።›› ሚኪያስ ወረቀቱን ከብዙነህ እጅ ተቀብሎ አነበበና ዐይኑ ጨለመበት፤ ያን ጊዜ ነበር ምን እንደ ጻፈ የገባው። በዚያ ዘመን ሰው ብዙ ነገር ይለምን ነበር፤ ቦታ ይለምናል፣ ስኳር ይለምናል፣ ውኃ ይለምናል። ሥልጣን የለመነ ሰው ግን በሮቤ አልታየም ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሰኞም ሆነ፤ የሊቀ ኀበዝት ጉዞም ተጀመረ። ወይዘሮ ማናልበሽ ምናልባት ታስረው ያድራሉ ብላ ወፍራሙን ጋቢ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ የጥርስ መፋቂያና ግማሽ ኪሎ በሶ ጠቅልላ አስያዘቻቸው። በፊት ለሚ በጋሪው፣ በጋሪው ላይ ብዙነህ ከነጥቅልላቸው፣ በጎናቸው ማናልበሽ፣ በኋላቸው በእግሩ ጸሐፊው ሚኪያስ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ፣ ከእርሱ በኋላ ወዚር መዝገበ ቃላቱን ተሸክሞ ‹‹እኔ የተጻፈውን ነው የተረጎምኩት›› እያለ፣ በመጨረሻም ማንም ያልጠራት ጁሀራ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ። ከገበያው እስከ ቢሮው ያለውን መንገድ በአንድ ሩብ ሰዓት ፈጸሙት፤ ለብዙነህ ግን እስከ ሶፍ ዑመር የተጓዙ መሰላቸው።

ኦቦ ቦሩ ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠው ነበር፤ ደብዳቤዋ ከፊታቸው ተዘርግታለች። ጉባኤው ሁሉ ገብቶ ሲቆም ሹሙ መነጽራቸውን አወለቁና አወጁ፦ ‹‹ኦቦ ብዙነህ፣ ነጋ ነዎት? ሰላም ነዎት? ጥያቄዎን አይተናል። በሕጉ መሠረት ሥልጣን የሚገኘው በምርጫ ነው፤ ምርጫው ደግሞ ገና ዓመት ይቀረዋል። ለስድስት ሳምንት ብቻ የሚቆይ፣ በተግባር የተደገፈ ሥልጣንስ ከየት አምጥተን እንስጥ? እኔም ራሴ እንዲህ ያለ አላገኘሁም።››

ሚኪያስ ነጠላውን ዝቅ አድርጎ፣ ‹‹ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሥልጠና ለማለት ነው፤ ሥሩ አንድ መስሎኝ ነው›› ብሎ በቀጭን ድምፅ ተናዘዘ። የኦቦ ቦሩ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መጀመሪያ የታመሙ መስሎን ነበር፤ ሳቅ ኖሯል። ሳቁ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ተዛመተ፣ ጥበቃው እንኳ ከበር ገብቶ ሳቀ። ማናልበሽም ካልሲውን ከጥቅልሉ መዝዛ ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ ከተተች።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ይህ ዜና ባልተጻፈ ነበር። ኦቦ ቦሩ ዐይናቸውን ጠርገው ደብተራቸውን ገለጡና፣ ‹‹ሌንጂ ከሆነ ቀላል ነው። ግን አንድ እንቅፋት አለ። ድጎማው በሙያው ላይ ላለ ሠራተኛ ነው። እዚህ የሚለው ጋጋሪው እርስዎ ነዎት፣ ጁሀራ ጽዳት ናት። ባለቤቱን በመንግሥት ወጪ አናሠለጥንም፤ የጽዳት ሠራተኛንም ለጋጋሪነት አንልክም›› ሲሉ አወጁ።

ሳቁ ቆመ። ጁሀራ በሩ አጠገብ ቆማ ወለሉን ታይ ነበር። አቶ ብዙነህ ያን ጊዜ፣ ማሽን ሲቃጠል ያላላባቸው፣ ጨው የለሽ ዳቦ ሲመለስባቸው ያላላባቸው ሰውዬ፣ ግንባራቸው በላብ ራሰ። ሐሰቴን ብክድ ልጅቷ ትሄዳለች፣ ባምን የከተማው መሳቂያ እሆናለሁ ሲሉ አሰቡ፤ ከዚያም መሳቂያማ ከሆንኩ ቆየሁ ሲሉ አሰቡ። ጥቅልላቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ወደ ሹሙ ሳይሆን ወደ እርሷ ዞረው፣ የዕድሜያቸውን አጭሩን አዋጅ አወጁ፦ ‹‹ዋሽቻለሁ። ጋጋሪዋ እሷ ናት። ዐሥራ አንድ ዓመት እሷ ናት። እኔ ሊጥ እንኳ አላውቅም።››

ኦቦ ቦሩ ብዕራቸውን አንሥተው ‹‹ብዙነህ›› የሚለውን ሠረዙ፤ ‹‹ጁሀራ›› ብለው ጻፉ። ጁሀራ አንገቷን ቀና አድርጋ ጽሑፉን ከሩቅ አየችው፤ ማንበብ የምትችለው ጥቂት ነው፣ ስሟን ግን አወቀችው።

ከፋሲካ በኋላ ጁሀራ ለሥልጠናው ወደ ጎባ ወጣች፤ ሰኞ ትሄዳለች፣ ቅዳሜ ትመለሳለች። ሊቀ ኀበዝትም ስድስት ሳምንት ሙሉ ብቻቸውን ከሊጥ ጋር ተዋጉ። ይህን ጦርነት በዝርዝር መጻፍ ለጀግናው ክብር አይበጅም። በመጀመሪያው ሳምንት የወጣውን ዳቦ ለሚ ጋሪው ቁልቁለት ላይ እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር አደረገው፣ ጋሪውም አልተንቀሳቀሰም። በሁለተኛው ሳምንት እርሾ አብዝተው ሊጡ ከገንዳው ወጥቶ እስከ በሩ ሸኛቸው። ድመቷ ሥራ ለቃ ሥጋ ቤት ተቀጠረች። በየቅዳሜው ጁሀራ እየመጣች ዳቦውን ከሆዱ በኩል መታ ታደርግና፣ ድምፁን ታደምጥና፣ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ ከዚያም ወንፊት ታስይዛቸውና ‹‹ጋሼ፣ መጀመሪያ መንፋት›› ትላለች።

በሰኔ አጋማሽ ወረቀቷን ይዛ ተመለሰች። ጸሐፊው ሚኪያስም የቀድሞ ኃጢአቱን ሊክስ ከዚህ መስመር ጀምሮ ጁሀራን ‹‹አንቱ›› ብሎ ይጽፋቸዋል። እርሳቸውም ወረቀታቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አወጁ፦ ‹‹ጋሼ፣ የጎባው ሰውዬ ዛሬም ደውሏል። ወረቀቴም እጄ ላይ ነው። ግን ያን ቀን ቢሮ ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ እሷ ናት ያሉት ቃል ጨው ነበረው። ስለዚህ እቀራለሁ። የምድጃው ቤት ቁልፍ እኔ ጋ ይሆናል። ስሜ ከወረቀቱ ጋር ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ዱቄት ስትገዙ እኔ ሳልቀምስ አትገዙም።›› አቶ ብዙነህ ቁልፉን ከወገባቸው ሲፈቱ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ዱቄት ገብቶበት ነው አሉ። ማንም አላመናቸውም።

በሰኔ ሃያ ስምንት ኦቦ ቦሩ ለማረጋገጥ መጡ፤ በደጃፉም ቆመው እንደ ፊተኛው ‹‹የዚህ ቤት ጋጋሪ ማን ነው?›› ሲሉ አወጁ። ‹‹እኔ ነኝ›› አሉ ጁሀራ። ሹሙም በጓዳው ጨለማ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ሆኖ ወንፊት የሚያወዛውዙትን ሰውዬ አይተው፣ ‹‹እሳቸውስ?›› ብለው ጠየቁ። አቶ ብዙነህ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀድመው ወደ ጁሀራ አዩ፤ ጁሀራም ስለ እርሳቸው መለሱላቸው፦ ‹‹ጋሼ ገና ሠልጣኝ ናቸው።››

እንግዲህ ሚኪያስ የጻፈው ስሕተት ትንቢት ሆነ፤ ሥልጠና ተለምኖ ሥልጣን ተሰጠ፣ የተሰጠውም ለሚገባው ነው። ስለዚህም ብዙነህ ዘሮቤ፣ ሐሰታቸውን በሰው ፊት የረገጡ፣ ቁልፋቸውን በገዛ እጃቸው ያስረከቡ፣ ከሊቀ ኀበዝትነት ወደ ወንፊት በክብር የወረዱ፣ ከጎሮ እስከ አጋርፋ፣ ከሮቤ እስከ ሳነቴ ጫፍ ስንዴ በሚበቅልበት ሁሉ ይመስገኑ፤ ወንፊታቸው አይቀደድ፣ ክንዳቸው አይዛል። ዛሬ ሊጥ ማቡካት ጀምረዋል፣ እሳትም ይቆሰቁሳሉ። ጨዉን ግን ጁሀራ እስካሁን አልፈቀዱላቸውም።